ሰባት ስንዝር መደብ

ማድ ቤቱ የፈረሰ ዕለት አላለቀስሁም። ምን አስለቀሰኝ! ክረምት በመጣ ቁጥር ከጣራው ጥላሸት ወጡ ውስጥ ጠብ ጠብ የሚልበት ቤት ነበር። ያለቀስሁት ማግስቱን ነው፤ ፍርስራሹ ተጠርጎ፣ መደቤ የነበረበት ቦታ ከሌላው መሬት ጋር እኩል ሆኖ ሳየው። ከምድጃው ጎን ከጭቃ የተሠራ መደብ ነበረኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ተኝቼበታለሁ። አቧራ ገብቶኝ ነው አልሁና ዐይኔን ጠረግሁ።

ሽታዬ እባላለሁ፤ ከቀሃ ኢየሱስ በታች ባለው የአቶ ዳኛው ቤት ወጥ ሠሪ ነኝ። እመቤቴ እትዬ ይመኙሽ በአሥራ አምስት ዓመታቸው ሲዳሩ፣ እናታቸው «እሷን ይዘሽ ሂጂ» ብለው ከሙሽሪት ጋር የላኩት እኔን ነው። ያኔ እታለም ነበር የሚሉኝ፤ እንደ ታላቅ እኅት። እመቤትነቱን ሲለምዱት ሽታዬ ሆንሁ። ይሁን፣ ስሜ ነው።

ይህን ሁሉ ያመጡት አቶ ዳኛው ናቸው። የመንግሥት ጸሐፊ ናቸውና አንድ ቀን ጣልያን ትቶት በሄደ ቤት ውስጥ አዲስ ዓይነት ማድ ቤት አይተው መጡ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላቸውም። ቆመው የሚያበስሉበት ከፍ ያለ ምድጃ፣ ጭሱን በጣራ የሚያወጣ መውጫ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። «ለጥቅምት መድኃኔዓለም ማኅበሩ የሚጠጣው እኛ ቤት ነው፤ እስከዚያ ያልቃል» ተባለ። ሁሉም ነገር ታሰበ። ለጭልፋው ማንጠልጠያ ምስማር ሳይቀር ታሰበ። ሽታዬ የት ትተኛ ያለ ሰው ግን አልነበረም።

ምነው አልጠየቅሽም ትሉኝ ይሆናል። ጠባዬን ልናገርና ልገላገል። ቁጡ ነኝ። ወጡ ጨው በዛው ካሉኝ ነጠላዬን አጥብቄ፣ ጥቅሌን አንጠልጥዬ፣ «ሀገሬ ጭልጋ እሄዳለሁ! እኔም ወገን አለኝ!» እያልሁ ከበር እቆማለሁ። እትዬ ይመጡና ነጠላዬን ይይዙኛል፤ «ተይ በሞቴ» ይላሉ፤ እኔም እያጉረመረምሁ እመለሳለሁ። በዓመት አራት አምስት ጊዜ አይቀርም። ወገን የምለው አንድ ወንድም ነበረኝ፤ እሱም በጣልያን ጊዜ ሞቷል። ይህን ለማንም አልተነፈስሁም። መሄጃ የሌላትን ሴት ማን ብሎ ነጠላዋን ይይዛታል?

ዘንድሮ ማድ ቤቱን ሲያፈርሱ የጨው ማሰሮዬን ሰበሩት። መቼም አልቻልሁም፤ ጥቅሌን አሰርሁና «በቃ! ዛሬስ ጭልጋ ነኝ!» ብዬ ግቢውን በጩኸት ሞላሁት። እትዬ መጡ። ግን አልያዙኝም። ቆመው አዩኝ፣ አዩኝና «እሺ ሽታዬ። ብቻ ማኅበሩን አሳልፊልኝ» አሉ፣ ቀስ ብለው። ወይ ጉድ! ጥቅሌን ይዤ በራሴ እግር ተመለስሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ነው ልቤ የተሰቀለው።

አንድ ወር ሙሉ ከኮክ ዛፉ ሥር ሦስት ድንጋይ ጎልቼ አበሰልሁ። ነፋሱ አመዱን ወጡ ላይ ይበትናል፣ ዶሮው ሽንኩርቴን ይለቅማል። የምተኛው ዕቃ ቤት ነው፣ በጤፍ ጆንያና በኮርቻ መካከል። ወጥ ጥጄ ብድግ እላለሁ፤ ወደ አዲሱ ማድ ቤት ሄጄ ብቅ እላለሁ፤ እመለሳለሁ፤ ደግሞ እሄዳለሁ። «አንቺ ሴትዮ እግርሽን ምን ነከሰው?» ይሉኛል አቶ ዳኛው። ምን እንደነከሰኝ እኔ አውቃለሁ።

ግንበኛው አያ አድማሴ የወለቃ ሰው ነው። እጁ የተባረከ፣ አፉ የተቆጠበ። ምሳውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፣ ውሃውን በራሱ ቅል ይጠጣል፣ የኛን አይቀምስም፤ ሃይማኖቱ ነው። ቅዳሜ ሰንበቱ ስለሆነ አይመጣም፤ እሑድ ደግሞ እኛ አናሠራውም፤ ሚካኤል ነው፣ ማርያም ናት ሲባል ሳምንቱ ያልቃል። እትዬ ቀኑን በጣታቸው ይቆጥራሉ። እኔ ግድግዳውን በስንዝር እለካለሁ። ከምድጃው እስከ በሩ ዘጠኝ ስንዝር ባዶ ግድግዳ አለ። እኔ ቁመቴ ሰባት ስንዝር ነው።

«አያ አድማሴ፣ እዚህ ጋ ምን ሊሆን ነው?» አልሁት አንድ ቀን፣ እንደ ዋዛ።

«ምንም አልታዘዝሁም።»

«መደብ ቢጤ ቢሆንበት አይከፋም።»

«ያዝዙኝና እሠራለሁ።»

እንግዲህ ማዘዝ የኔ አይደለም። ወደ እትዬ ዞርሁ። «እትዬ፣ ያ ግድግዳ ባዶውን ቀረ እኮ!»

«ባዶነቱ እኮ ነው ሸጋ ያደረገው» አሉኝ። እንደ መሳቅ አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ለምን ፊታቸውን እንዳዞሩ ሳስብ ዋልሁ፤ ምስሩም አረረ።

ሐሙስ ዕለት ውሃ ላቀርብ ወደ እልፍኝ ስሄድ፣ እትዬ ከጎረቤታችን ከወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ጋር ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ጆሮዬን ቀሰርሁ፤ ምን ይደረግ፣ የተሰቀለ ልብ ጨዋነት አያውቅም። «ረቡዕ በጠዋት የጭልጋ ማኪና ይነሣል፤ ቦታ ይዘንላታል» አሉ እትዬ። «ማኅበሩ እስኪያልፍ ግን እንዳትሰማ። አደራ!»

ውሃውን ከደጃፉ አስቀምጬ ተመለስሁ። አፈር በበላሁ! እንዲህ ነው ለካ። ማድ ቤቱ አዲስ ሲሆን አሮጊቷም ከፍርስራሹ ጋር ልትጠረግ ነው። ገብቼ «የት ልትልኩኝ ነው?» ማለት እችል ነበር። ግን «ሀገርሽ ነዋ» ቢሉኝስ? ምን ልመልስ ነው?

ቅዳሜ እትዬና አቶ ዳኛው ለተዝካር ወደ ጠዳ ሄዱ። አያ አድማሴ በሰንበቱ ቤቱ ነው። ግቢው ጭር አለ። ለልስን የቦካው ጭቃ ጥግ ላይ ተርፏል፤ ጭዱም አለ፤ ስባሪ ጡብና ድንጋይ እንደሁ ሞልቷል። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርሁ።

ቅዳሜን እኛም እናከብራለን። በዚያ ላይ ቀኑ ሃያ አራት፣ ተክለ ሃይማኖት ነበር። አበስኩ ገበርኩ አልሁና ወደ ላይ ቀና ብዬ፣ «አባቴ ተክለ ሃይማኖት፣ እርስዎ በአንድ እግርዎ ቆመው ጸለዩ፤ ጻድቅ ነዎት። እኔ ግን መተኛት አለብኝ» አልሁ። ከዚያ ድንጋዩን ደረደርሁ፣ ጡቡን ደረብሁ፣ ጭቃውን እየረገጥሁ ቆለልሁ። ወገቤ ተቆረጠ፣ ጥፍሬ ተላጠ። ሰባት ስንዝር ለካሁና ለእግሬ መዘርጊያ አንድ ጨመርሁ። ማታ ሲመለሱ ታጥቤ ሽንኩርት እየላጥሁ አገኙኝ፣ ምንም እንዳላየ ሰው።

እትዬ ገብተው አዩት። ያሰብሁት እንዲህ ነው፦ ይቆጣሉ፣ እኔም እቆጣለሁ፣ በቁጣው መካከል ነገሩ ይወጣል።

«ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ» አልሁ፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ።

«እሰይ የኔ ሸጋ!» አሉና እጃቸውን አጨበጨቡ። «የጠላውን እንስራ የት ላስቀምጠው ብዬ ስጨነቅ ነበር እኮ! አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ሽንኩርቱን ላጥሁ። ለሽንኩርቱም አለቀስሁለት።

ሰኞ አያ አድማሴ ሊጨርስ መጣ። መደቡን አየ፣ እጄንም አየ፤ ጣቶቼ በጭቃ ተሰነጣጥቀዋል።

«ለእንስራ ነው አሉኝ» አለ።

«አሉ።»

«ለእንስራ ረዘመ።» ጎንበስ ብሎ የጎረበጠውን ጠርዝ አለሰለሰው። ከዚያ ጭቃ አመጣና በአንደኛው ጫፍ በኩል አንድ ጋት ያህል ከፍ አድርጎ ደለደለው። እንስራ ራስጌ ምን ይሠራለታል? ቀና ብዬ ላመሰግነው ብል ዕቃውን ሰብስቦ ወጥቷል። ማታውን ሦስት እንስራ ጠላ አምጥተው ደረደሩበት።

ማክሰኞ መድኃኔዓለም ነው። አዲሱ ምድጃ እሳት ሲበላ ጭሱ ቀጥ ብሎ በጣራው ወጣ። ማኅበርተኛው ሁሉ ግቢ ቆሞ አየ፤ አቶ ዳኛውም ጭሱን ራሳቸው የወለዱት ይመስል ደረታቸውን ነፉ። ሸጋ ነበር፤ አልዋሽም፤ ዐይኔ ሳያነባ ወጥ የሠራሁት ያን ቀን ነው። ግን በውስጤ የማስበው ረቡዕን ነበር። እያማሰልሁ ረቡዕ፣ እየቀዳሁ ረቡዕ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲጫወት፣ እትዬ ወደ አዳራሹ ጠሩኝ። ነጭ ጥልፍ ቀሚስ በእጃቸው ይዘዋል፤ አዲስ ጋቢም አለ።

«ሽታዬ» አሉ። «ሃያ ስድስት ዓመት ሀገሬ ሀገሬ ስትይ ነጠላሽን እየያዝሁ ከለከልሁሽ። ለራሴ ብዬ ነው። ዘንድሮ ማሰሮሽ ሲሰበር ዐይንሽን አየሁና ጸጸተኝ፤ ወገን እያላት በኔ ማድ ቤት ታርጅ? አልሁ። ነገ ጠዋት ማኪናው ይነሣል፤ ቦታ ይዘንልሻል። ይቅር በይኝ።» አለቀሱ። ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል እልል አሉ። የማኅበሩ ቄስም መረቁኝ። ቀሚሱን እዚያው በላዬ ላይ አጠለቁልኝ፤ «አማረብሽ!» አሉኝ። እኔም እጅ ነሣሁ።

አያችሁ? ማንም አላባረረኝም። ያባረረኝ የገዛ አፌ ነው።

ወደ ማድ ቤት ሄድሁ። ከሦስቱ እንስራ ሁለቱ ባዷቸውን ነበሩ፤ አወረድኋቸው። ሦስተኛው ሙሉ ነው፤ ብገፋው አልነቃነቅ አለኝ። በቃ፣ ከጎኑ፣ መደቡ ላይ ተቀመጥሁ። ጭቃው ገና ነው፤ በዚያ ላይ ጠላ ፈስሶበታል። እርጥበቱ በአዲሱ ቀሚስ አልፎ ሲገባ ተሰማኝ። አልተነሣሁም።

እትዬ ሊያጽናኑኝ ተከትለው መጡ። «ኧረ ምነው! ቀሚሱን! ተነሺ እንጂ!»

«አልነሣም።»

«ምን ሆንሽ?»

«ይህ የእንስራ ማስቀመጫ አይደለም፣ እትዬ» አልሁ። «የኔ መኝታ ነው። ጭልጋ ማንም የለኝም። ወንድሜ ከሞተ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው።»

ካዳራሹ ሳቅ ይሰማል። «ታዲያ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምነው እሄዳለሁ ትይ ነበር?» አሉኝ።

«እንዲይዙኝ ነዋ!»

እንደ ወትሮዬ በቁጣ ልለው አስቤ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ድምፅ ነው፣ የትንሽ ልጅ ድምፅ። አፈርሁ። መሬት መሬት አየሁ። እትዬ መደቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት፤ አያ አድማሴ ከፍ ያደረገውን ራስጌም አዩት፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ከዚያ የሐር ጥለት ነጠላቸውን ምስማሩ ላይ ሰቀሉ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና የሙሉውን እንስራ አንገት ጨበጡ።

«እታለም» አሉኝ፣ «በዚያ በኩል ያዢልኝ።»