ሰላም ሳልል ያለፍኩ ቀን

ምክር የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የማይሰማው ደግሞ ሕዝቡ ነው። በፈረንጆቹ 1996 የምዕራብ አሜሪካ ስቴቶች የሐበሻ የኳስ ውድድር ሳንታ ክሩዝ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ እንዲደረግ ሲወሰን፣ የኦክላንድ ቡድን የእንግዳ ተቀባይ ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርጎ መረጠኝ። መረጠኝ ማለት፣ ከስብሰባው መሀል ሻይ ልቀዳ ስነሳ ስሜን ጻፉት። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ከተጻፍኩ አይቀር ብዬ ሁለት ገጽ ምክር አዘጋጀሁና ላይብረሪ ሄጄ ኮፒ አድርጌ ከሲያትል እስከ ሳን ዲዬጎ ላሉት ቡድኖች ሁሉ ላክሁ።

የጻፍኩትን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። «ካሊፎርኒያ ነው ብላችሁ በሸሚዝ እንዳትመጡ። ባሕሩ ዳር በጁላይም ቢሆን ጠዋት ጠዋት ጉም ነው፣ ጃኬት ያዙ። ውሃው ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፣ ሲገቡበት ግን አጥንት ይሰብራል፤ ዋና የማትችሉ አትግቡ፣ የምትችሉም አትግቡ። መኪና ያላችሁ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ተራራውን ተሻገሩ። ከዚያ በኋላ ሳን ሆዜ በሙሉ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ መንገዱም ጠመዝማዛ ነው። መኪና የሌላችሁ እስከ ፍሪሞንት ባርት በሚባለው የከተማ ባቡር፣ ከዚያ እስከ ሳን ሆዜ በአውቶብስ ኑ፤ ከሳን ሆዜ ባቡር ጣቢያ ተራራውን የሚያሻግር ሌላ አውቶብስ አለ። ሞቴል ውስጥ አንድ ክፍል ለአሥር አትደሩ። ካደራችሁም ጠዋት አሥራችሁም በአንዴ በበሩ አትውጡ። የባሕር ወፎቹ ሳምቡሳ ለምደዋል፤ ስትበሉ ወደ ደረታችሁ አስጠግታችሁ ብሉ።»

ጥሩ ምክር ነበር። አንድ ነገር ብቻ፣ ከመኪና ማቆሚያው ሜዳው ድረስ እንዴት እንደሚደረስ፣ ሳልጽፍ ቀረሁ፤ ለእኔ የምታስፈልገኝም ያችው አንዷ ነበረች።

የእኛን ውድድር ያላየ ሰው ነገሩ አይገባውም። ሰው ወደ ሜዳ የሚመጣው ኳስ ሊያይ አይደለም። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ሜዳው ቢበዛ ሦስት መቶ እርምጃ ነው፤ ያችን ለመጨረስ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሱዳን አብሮሽ የተሰደደ አለ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አብሮሽ የተቀመጠ አለ፣ ሞተ ተብሎ ያለቀስሽለትም አንዳንዴ ይገኛል። አንዱን ስመሽ ቀና ስትዪ ሌላው እጁን ዘርግቶ ቆሟል። እንዴት ነሽ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ እማማስ? ሰላምታ የእግዜር ነው፣ አይቋረጥም። በመጨረሻ የዳኛው ፊሽካ ከሩቅ ይሰማና «ማን አሸነፈ?» እንባባላለን። የሚያውቅ የለም።

ለሌላው ይሄ ሁሉ ጨዋታ ነው። የእኔ ችግር ግን የኦክላንድ በረኛ ባሌ መሆኑ ነው።

ፍሬምናጦስ ይባላል። ኦክላንድ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል። እቤት ድምፁ አይሰማም፤ ድመቷን ከሶፋው ላይ ለማስነሳት «እባክሽ» የሚል ሰው ነው። ሰባት ዓመት በረኛ ሲሆን አንድም ቀን ሲጫወት አይቼው አላውቅም። በየዓመቱ እሄዳለሁ፣ በየዓመቱ እንደ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ እቀራለሁ። በዚያ ዓመት ትከሻው ተጎድቶ ሐኪሙ «በቃህ» አለው። ሐሙስ ዕለት ከቡድኑ ጋር ለመሄድ ቦርሳውን ሲያዘጋጅ፣ ጓንቱን እያጣጠፈ፣

«ሰገነት፣ የቅዳሜው የመጨረሻዬ ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ሰባት ዓመት ሰው ሁሉ አየሽ፣ እኔን አላየሽኝም። አንድ ቀን ብታዪኝ ደስ ይለኛል።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቢቆጣ እመልስለታለሁ፣ በቁጣ እኔን የሚያሸንፈኝ የለም። እሱ ግን ድመቷን እንደሚለምናት ነው የለመነኝ። «ካልሞትኩ አልቀርም!» አልኩት።

ቅዳሜ ነጋ። እቤት ከሲያትል የመጡ ስምንት እንግዶች አሉብኝ፣ መታጠቢያ ቤቱ ደግሞ አንድ ነው። እንግዳን ቶሎ ታጠብ አይባልም። የመጨረሻው ሰው ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ሲወጣ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። እነሱ በቫናቸው፣ እኔ ከልጄ ከዳኒኤላ ጋር በቶዮታዬ፣ ከቤታችን ከሳን ሊያንድሮ ተነሳን። ጨዋታው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሳን ሆዜን አልፈን ተራራው ሥር ስንደርስ መኪናው ሁሉ ቆሟል። መሪውን እየደበደብኩ የቀደመኝንም የተከተለኝንም ስረግም፣ አሥራ አንድ ዓመት የሞላት ልጄ ከኋላ ወንበር፣

«ማም፣ ዩ ሮት ኢት ዩርሰልፍ! ቢፎር ናይን!» አለችኝ።

«ዝም በይ» አልኳት። እውነቷን ነው፣ ከሦስት ሰዓት በፊት ብዬ ራሴ የጻፍኩት ነው።

መኪና ማቆሚያው ስንደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል አልፏል። የመጀመሪያው አጋማሽ አብቅቷል፣ የቀረኝ ሁለተኛው ብቻ ነው። ከፊቴ ያለውን ሕዝብ አየሁ። ከመኪናው በር እስከ ሜዳው አጥር ድረስ ሰው ተቃቅፎ ቆሟል፤ ግማሹን አውቀዋለሁ፣ ግማሹ ያውቀኛል። ከዚህ መሀል የሚያወጣኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ አለመሆን።

ከኋላ ወንበር ላይ ጥቁር ሻሽ አገኘሁ፤ ጠቅልዬ እስከ ቅንድቤ አሰርኩት። ጥቁር መነጽሬን አደረግሁ። በፍንጭቴ እንዳያውቁኝ በሻሹ ጫፍ አፌን ያዝኩ።

«ዳኒዬ፣ ተከተይኝ። ማንንም ቀና ብለሽ እንዳታዪ።»

«ማም፣ ዲስ ኢዝ ሶ ኢምባራሲንግ!» አለች አፍራብኝ።

ሮጥኩ። በሩ ላይ ሳምቡሳ የምትሸጠው ትርፌ፣ የልጄ የክርስትና እናት፣ ገና ከሩቅ አየችኝ። «ሰጊ! ሰጊዬ!» አለች፣ ጭልፋዋን ይዛ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኳት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ኃጢአት ሠርቼ አላውቅም። የሪችመንዱ ሀምዛ፣ ከሱዳን ስደት ጀምሮ የማውቀው ሰው፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሲመጣ በክንዱ ሥር ሾለክሁ። ከእሱ ቀጥሎ በተጣጣፊ ወንበር ላይ የተቀመጡት እትዬ ጥሩዬ ነበሩ። እትዬ ጥሩዬ ሰባ ዓመታቸው ነው፣ የእድራችን መሪ ናቸው። እኛ በምንኖርበት በቤይ ኤሪያ የሐበሻ ዘመድ ሲሞት መጀመሪያ የሚሰሙት እሳቸው፣ መርዶውንም የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። እሳቸውን መዝለል ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ እንደ ማለፍ ነው። ጎንበስ ብቻ አልኩ። የባሕሩ ንፋስ አፍንጫዬን አርጥቦት ስለነበር ሳብ አደረግሁና ሩጫዬን ቀጠልኩ።

ሜዳው ዳር ስደርስ ተመልካቹ አሥራ አንድ ሰው ነበር። ሁለቱ ውሻ ሊያናፍሱ የመጡ ፈረንጆች ናቸው። ባዶ ለባዶ ነው አሉኝ። ቀጥ ብዬ ሄጄ ከኦክላንድ ጎል ጀርባ፣ ከመረቡ አጠገብ ቆምኩ።

አየሁት። መጀመሪያ ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። «ግራህን! ግራህን ዝጋ! ውጣ፣ ውጣ፣ ውጣ!» እያለ ይጮሃል። ድምፁ ከሆዱ ነው የሚወጣው። ግዙፍ ግዙፍ ተከላካዮች በእጁ ምልክት ወዲህና ወዲያ ይላሉ። አንድ ኳስ ከሰማይ ሲወርድ ሁለት ሰው መሀል ተነሳና ደረቱ ላይ አስቀረው። ይሄ ሰው የት ነበር? አብሬው አሥራ ሦስት ዓመት ስኖር የት ደብቆት ነው? ከደስታና ከቁጭት ዕንባዬ መጣ።

ወዲያው ከጀርባዬ «እኔን! እኔን ልጄን!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞር ስል እትዬ ጥሩዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጣሉ። ከኋላቸው ትርፌ፣ ከትርፌ ኋላ ሀምዛ፣ ከሀምዛ ኋላ የመኪና ማቆሚያው ሕዝብ በሙሉ። ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር መነጽር፣ አፏን ይዛ፣ ሰላም ሳትል ወደ ባሏ የምትሮጥ ሴት! ሐበሻ ይህን አይቶ ሌላ ምን ሊያስብ ኖሯል? ወሬ ሲነግሩህ ሀሳብ ጨምርበት ይባል የለ፤ ትርፌ ዘንድ «ደሴ ያሉት የፍሬምናጦስ እናት ሳያርፉ አይቀሩም» የተባለው፣ ሀምዛ ዘንድ ሲደርስ ቀብራቸው አልቆ ነበር።

እትዬ ጥሩዬ አንገቴን አቀፉኝ። «እግዜር ያጽናሽ የኔ ልጅ።»

«እትዬ፣ ኧረ ማንም አልሞተም!»

«አዎ የኔ ልጅ፣ ማንም አልሞተም» አሉ እያለቀሱ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚባለው ይኸው አይደል? ትንሽ አሟቸው ነው፣ ማንም አልሞተም።

«እናቱ ደህና ናቸው! ሰኞ ዕለት ደውለን አናግረናቸዋል!»

«ደህና ናቸው አለች!» ብላ ትርፌ ደረቷን መታች፤ ለቅሶው በአንድ ጊዜ ናረ። ባስተባበልኩ ቁጥር ይብስባቸዋል።

ፍሬምናጦስ ዞረ። እኔን በጥቁር ሻሽ፣ እትዬ ጥሩዬን በተዘቀዘቀ ነጠላ አየ። ፊቱ አመድ ሆነ። «እማዬ ናት?» አለ፣ በዚያችው በእቤቱ ድምፅ። ጎሉን ጥሎ ወደ እኛ መጣ።

በዚያች ደቂቃ የሳን ሆዜው አጥቂ ተስፋዝጊ ኳስ ይዞ ተከላካዮቹን አልፏል። ከፊቱ ባዶ ጎል እንጂ ማንም የለም። እግሩን ሊሰነዝር ሲል ለቅሶውን ሰማ፣ በረኛው ወዴት እንደሄደም አየ። ኳሷን ረግጦ አቆማት። ከዚያ በእጁ አነሳትና ብብቱ ሥር ሻጥ አድርጎ «አይዞህ ወንድሜ» እያለ መጣ። የሁለቱም ቡድን ልጆች ተከተሉት። ፈረንጁ ዳኛ ፊሽካውን ቢነፋ ቢነፋ የሚሰማው አጣ።

ባሌ ከፊቴ ቆሟል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ ሻሹ ራሱ አንገቴ ላይ ወርዷል። መዥርጬ ጣልኩት፣ መነጽሩንም አወለቅሁ።

«ስሙኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ማንም አልሞተም! ባሌን ለማየት ነው የሮጥኩት! ሰባት ዓመት እናንተን ስስም ሲጫወት አላየሁትም! የዛሬው የመጨረሻው ነው፣ ዛሬ ባሌን ማየት እፈልጋለሁ!»

እትዬ ጥሩዬ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ባልሽን? እኔን ዘለሽ ያለፍሽው ባልሽን ለማየት ነው? እቤትሽ አይተሽ አትጠግቢውም?»

«እቤት ይሄ ሰውዬ የለም፣ እትዬ» አልኳቸው።

መጀመሪያ የሳቀው ሀምዛ ነው። ከዚያ ትርፌ፣ ከዚያ ሕዝቡ በሙሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የወጣው ሁሉ እየተደጋገፈ ሳቀ። እትዬ ጥሩዬም አላስቻላቸውም። ባሌ ግን አልሳቀም፤ ጓንቱን እንዳጠለቀ ቆሞ ያየኝ ነበር። ጆሮው ቀልቷል። «መጣሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ። ከዚያ ዞሮ ወደ ጎሉ ሮጠ፣ እንደ ልጅ።

ዳኛው ኳሷን መሬት ጥሎ ጨዋታውን አስጀመረ። ሕዝቡ ግን አልሄደም። ሰላምታዬን ሳያገኝ ማን ይሄዳል? ከመረቡ ኋላ ተደርድሮ ተራውን ይጠብቅ ጀመር፤ በዚያው ኳስ አየ። አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ጉንጬ እየሳምኩ፣ ዓይኔን ግን ከትከሻቸው በላይ አሻግሬ ባሌ ላይ ተክያለሁ። አንዷን ኳስ በጣቱ ጫፍ ወደ ውጭ ሲገፋት ሁሉም «እሰይ!» አለ። እትዬ ጥሩዬ ከወንበራቸው ተነስተው እልል አሉ። በሌላኛዋ ኳስ ደግሞ ተስፋዝጊ እግር ሥር ወደቀ፣ ኳሷን ግን ይዟት ተነሳ።

ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀር የማዕዘን ምት መጣ። ተስፋዝጊ ከሁሉም በላይ ዘለለና በጭንቅላቱ መታት። ፍሬምናጦስ ተወረወረ፤ ያ የታመመው ትከሻ አልታዘዘውም። ኳሷ በክንዱ ሥር አልፋ መረቡን ነካች፣ ተንከባልላም ከመረቡ ማዶ እኔ እግር ሥር ቆመች።

ባሌ በጉልበቱ ተነስቶ ወደ መረቡ መጣ። እኔም ተንበረከክሁ። በመሀላችን መረቡ ብቻ ነበር፤ አፍንጫው ላይ ሣር ተጣብቋል።

«አየሽው?» አለኝ።

«አየሁት።»

«መያዝ ነበረብኝ።»

«ነበረብህ» አልኩት። አልዋሸሁትም። ይናደዳል ብዬ ስጠብቅ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ሳቀ፣ ከሆዱ፣ ሜዳው ሁሉ እስኪሰማ።

«ሰገነት፣ የያዝኩትንማ ሁልጊዜ ማታ እነግርሽ የለ? ሰባት ዓመት ሙሉ የገባብኝን ከመረብ የማወጣው ብቻዬን ነበር።»

እጄን ከመረቡ ሥር አስገብቼ ኳሷን ገፋሁለት።