የአቤሜሌክ ፊት

ፓስተር ሴሙጁ የጠየቀው ነገር ሲሰሙት ቀላል ነበር። ካምፓላ፣ ሜንጎ ኮረብታ ጎን ላይ ያለችው በቆርቆሮ የተከደነች ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ግድግዳ አላት፤ እዚያ ላይ አቤሜሌክ ይሣልለት። አቤሜሌክ ማለት ነቢዩ ኤርምያስን ከጭቃ ጉድጓድ በገመድ ጎትቶ ያወጣው ኢትዮጵያዊ ነው። ምእመኖቹ ዕድሜ ልካቸውን በቀን መቁጠሪያ ላይ ሲያዩ የኖሩት ጸጉረ ወርቅ ቅዱሳንን ነው፤ ልጆቻቸው ግን እነሱን የሚመስል ጥቁር ሰው መጽሐፉ ውስጥ መኖሩን እያዩ ይደጉ አለ። ይህን ከኢትዮጵያዊ የተሻለ ማን ይሥለዋል? ሥዕሉ አልቆ ከተወደደ የሰዓሊው የሰይፈሚካኤል ልጅ ወሰንየለሽ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ ትገባለች።

ወሰንየለሽ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ በሕይወት የለችም። ከምርጫው ረብሻ በኋላ አባቷ ይዟት ከአዲስ አበባ ከወጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሁለቱንም ዓመት ደብተር አልያዘችም። የአገሩን ቋንቋ ሉጋንዳን ከሰፈር ልጆች ለቃቅማ የአባቷ አስተርጓሚ ሆናለች። ሌሎቹ ዩኒፎርም ለብሰው ሲያልፉ በር ላይ ቆማ ታያቸዋለች፤ አባቷ ደግሞ ስታይ ያያታል።

ሥራውን ያገኘለት ኦልድ ካምፓላ ምግብ ቤት ያለው አቤኔዘር ነው።

«ጋሼ፣ የጴንጤ ግድግዳ ነው ብለው እንዳይግደረደሩ» አለው። «አቤሜሌክ እንደሆነ የኛው ሰው ነው። አገሩን ለቆ በሰው አገር ሲያገለግል የኖረ ስደተኛ። ወረቀት ይኑረው አይኑረው እንጃ።»

ሰይፈሚካኤል አልተግደረደረም። አቤሜሌክን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ የኢየሩሳሌምን ጥፋት እንዳያይ እግዚአብሔር ስድሳ ስድስት ዓመት አስተኝቶት፣ ሲነቃ የለቀመው በለስ ሳይጠወልግ የቆየለት ሰው ነው። ከሁሉ የሚወድለት ግን ሌላ ነገር ነበር። ገመዱ የኤርምያስን ብብት እንዳይልጠው አስቀድሞ አሮጌ ጨርቅ ለቃቅሞ አወረደለት። እንዲህ የሚያስብ ሰው በምን ዓይነት ፊት ይሣላል እያለ ሦስት ሳምንት ሠራ።

የሠራው መምህሩ መሪጌታ ይልቃል እንዳስተማሩት ነው። ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ኃጥእ ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይኑ ይቀራል። የጻድቅ ገጽ ከቢጫና ከነጭ ተቀላቅሎ ጥቂት ቀይ ጠብ ይደረግበታል። ጥቁር ቀለም ለጸጉር፣ ለመስመርና ለሰይጣን ነው። አቤሜሌክም በዚሁ ወግ ደመቅ ብሎ፣ ቀላ ብሎ ወጣ። ነቢዩን ጉድጓድ ውስጥ የጣሉት መኳንንት ጠቁረው ወደ ጎን ዞሩ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲሥል ለምን ያለው ሰው አልነበረም፤ እሱም ራሱን ጠይቆ አያውቅም።

ፓስተሩ መጥቶ ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆመ። ከዚያ ጣቱን ወደ ጥቁሮቹ መኳንንት ቀስሮ አንድ ነገር ጠየቀ። ወሰንየለሽ ተረጎመች።

«አባዬ፣ ‹ከነዚህ ውስጥ ኢትዮጵያዊው የትኛው ነው?› ይላል።»

ሰይፈሚካኤል ቀዩን አሳየ። ፓስተሩ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ሰዎቼ ይህን ግድግዳ ሲያዩ ራሳቸውን የሚያገኙት ነቢይ ከሚገድሉት ጋር ነው ብሎ ቀስ አድርጎ አስረዳ። ትምህርት ሰኞ ይከፈታል፤ እስከ ዓርብ አስተካክለው አለ።

ሰይፈሚካኤል ቀዩን ፊት ፍቆ ጥቁር በጠበጠ። የመጣው ፊት ዓይኑ የፈጠጠ፣ ጥርሱ ያገጠጠ ሆነ። ፋቀው። እንደገና ሠራ፤ ያው ተመልሶ መጣ። ደግነትን የሚሥልበት መንገድ ሁሉ፣ የጉንጩ ቅላት፣ የዓይን ሥሩ ጥላ፣ በፈካ ገጽ ላይ የተማረው ነበር። በጥቁር ላይ እጁ የሚያውቀው አንድ ፊት ብቻ ነው፤ በቅዱስ ሚካኤል እግር ሥር ተረግጦ የሚተኛው የሰይጣኑ።

አቤኔዘር ምሳ ይዞለት መጥቶ የተፋቀውን ግድግዳ አየ።

«ጋሼ፣ ምን ያስጨንቅዎታል?» አለ። «ጥቁር ቆንጆ ከቤትዎ አለች። እሷን አቁመው ይሣሉ።»

እውነትም ወሰንየለሽ በእናቷ ወጥታ ጥቁር ናት። አዲስ አበባ ሳሉ ጎረቤቶቹ «ይቺን ከየት አመጣሃት?» እያሉ ሲሣለቁ ሰይፈሚካኤልም አብሯቸው ይሥቅ ነበር።

ሁለት ቀን ገመድ አስይዞ አቆማት። ክንዷ እየዛለ እንኳ አላጉረመረመችም። ግንባሯን፣ ሽፋሽፍቷን፣ ትኩር ስትል የምትነክሰውን ከንፈሯን ይህን ያህል ጊዜ አይቶት አያውቅም። ሐሙስ ከሰዓት ብሩሹን አስቀመጠ። ወሰንየለሽ ሮጣ መጥታ ሥዕሉን አየች፤ ከንፈሯን ነክሳ «ጥሩ ነው» አለች።

ዓርብ ጠዋት ፓስተሩ ጎመሲ የለበሱ እናቶችን አስከትሎ መጣ፤ የክት ቀሚሳቸው ትከሻው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከመካከላቸው በምርኩዝ የቆሙ አንዲት አሮጊት ወደ ግድግዳው ተጠግተው በየዋህ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቁ። ከሴቶቹ አንዷ ሣቋን በመዳፏ አፈነች።

«ምን አሉ?» አለ ሰይፈሚካኤል።

«ምንም።»

«ንገሪኝ እንጂ።»

ወሰንየለሽ ዓይኗን ከግድግዳው አልነቀለችም። «‹ሰይጣኑ ነቢዩን ወዴት ነው የሚጎትተው?› አሉ» አለች።

ያኔ አየው። ግንባሩ የእሷ ነው፤ ሽፋሽፍቱም፣ ከንፈሩም። እጁ ግን ሳያማክረው በላዩ ላይ የለመደውን ጨምሮበታል፤ የፈጠጠውን ዓይን፣ ያገጠጠውን ጥርስ። መቶ ጊዜ በቅዱስ እግር ሥር ያስተኛው ያው ፊት ነው፤ አሁን የልጁን መልክ ለብሶ ገመድ ይጎትታል።

ፓስተሩ ትከሻውን ያዝ አደረገው። ደክመሃል፣ እግዚአብሔር ይስጥህ አለው። ግድግዳው ኖራ ይቀባል፤ ንቲንዳ ሰፈር ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው አለ፣ እሱ ይጨርሰዋል። ስለ ትምህርት ቤቱ ምንም አላለም።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ሁለቱ ዕቃ ሰበሰቡ። ወሰንየለሽ ብሩሾቹን አንድ በአንድ ስትጠርግ ቆይታ፣ ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«አባዬ፣ ስታየኝ እንደሱ ነኝ?»

«አይደለሽም ልጄ። እጄ ነው። እጄ እንደዚያ ለምዶ ነው።»

«እሺ» አለች፤ በሽተኛን እሺ እንደሚሉት።

ቁልቁል ወርደው ዋናው መንገድ ደረሱ። ቦዳ የሚሏቸው የኪራይ ሞተሮች ግራ ቀኙን እየተሽሎከለኩ ይበራሉ። ሌላ ጊዜ መንገድ ሲሻገሩ ሁለት ጣቱን ትጨብጥ ነበር። እጁን ዘረጋላት። እሷ ግን የቀለሙን ባልዲ በሁለት እጇ አቅፋ፣ ክፍተት ጠብቃ ብቻዋን ተሻገረች። ከኋላዋ ታክሲዎች ተከታትለው መጥተው መንገዱን ዘጉት። ሰይፈሚካኤል በመካከላቸው አሻግሮ ሲያያት፣ ማዶ ፊቷን ወደ አንድ ሱቅ ግድግዳ አዙራ ትጠብቀው ነበር።