«ኔትወርክ የለም»

የአምስተኛ ክፍሏ መምህርት ኮምፒውተርን ለዓመታት ያስተማረችው በጠመኔ ነበር። ስክሪኑን፣ ኪቦርዱን፣ ማውሱን ሰሌዳ ላይ ትስላለች፤ ልጆቹ በደብተራቸው ይገለብጣሉ። አሳሳሏ እጅግ ያማረ ስለነበር «እማማ ሰሌዳ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች እንጂ ስሙን አልጠላችውም።

እውነተኞቹ ኮምፒውተሮች ሲመጡ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ተጠርጎ ቀለም ተቀባ፤ ጣሪያው ላይም የኢንተርኔት ዲሽ ተሰቀለ። ቴክኒሻኑ ገመዱን ዘርግቶ ሲጨርስ አጠቃቀሙን ላሳይዎት ቢላት፣ አስተማሪዋ እኮ እኔ ነኝ ብላ ሳቀች። እሱም ስቆ ቁልፉን አስረከባትና ሄደ።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ልጆቹ እየተጋፉ ገቡ። እሷ ስትስለው የኖረችው ኮምፒውተር ማብሪያው ፊት ለፊት ነበር፤ የዚህኛው ፊት ግን ልሙጥ ነው። ጠርዙን ዳበሰች፣ ጀርባውን ዳበሰች። ያን ጊዜ በየባንኩና በየቢሮው የሚሰማው ቃል ምላሷ ላይ መጣላት።

«ኔትወርክ የለም።»

ይህን ቃል ሰምቶ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። ልጆቹ ከንፈራቸውን መጠው ወጡ። በሚቀጥለው ሳምንትም ያንኑ አለች፤ በሚቀጥለውም። አንዱ ቀልደኛ «የኛ ኔትወርክ በእግሩ ነው የሚመጣው» ብሎ ክፍሉን አሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ርዕሰ መምህሩ ሲጠይቃት ለእሱም ያንኑ ደገመችለት። ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበረም። እሱ ሆዬ ነገር ከያዘ የማይለቅ ሰው ነበርና፣ ስልክ ደጋግሞ ደውሎ ቴክኒሻኑን በትምህርት ሰዓት አስመጣው።

ሰውየው ልጆቹ መካከል ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ከስክሪኑ ጠርዝ ሥር ሰዶ አንድ ነገር ተጫነ። ኮምፒውተሩ በራ፤ ወዲያው የኢንተርኔት ገጽ ተከፈተ። ከፋብሪካ የመጣው ስስ ላስቲክ ገና ከስክሪኑ ላይ አልተላጠም ነበር። ሰውየው ላስቲኩን አየ፤ ቀጥሎ እሷን አየ። እሷ መስኮቱን አየች።

ርዕሰ መምህሩ ምን ሆኖ እንደነበር ጠየቀው።

«ገመዱ ላልቶ ነው» አለ ቴክኒሻኑ።

«ማን አላላው?»

«እኔ ነኛ። ሳላጠብቀው ሄጄ ነው።»

«እናንተ መቼም ዲሽ ሰቅሎ መጥፋት ነው የምታውቁት። ዛሬውኑ አለቃህ ጋ ደውዬ፣ ሁለተኛ አንተን እንዳይልክብን ነው የምነግረው።»

ሰውየው ትርፉን ገመድ በክርኑ ዙሪያ መጠቅለል ጀመረ። ጆሮዋ ጋለ። ልጆቹ ይውጡ፣ በር ድረስ ሸኝቼው ለብቻው ይቅርታ እጠይቀዋለሁ ብላ አሰበች። ይህንንም ስታስብ ለርዕሰ መምህሩ ምንም እንደማትል ታውቅ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ወደ ልጆቹ ዞረ። «ቲቸር ኔትወርክ እንደሌለ ባይነግሩን ኖሮ ይሄ ሁሉ ዕቃ አቧራ ይበላው ነበር። እስቲ አጨብጭቡላቸው!»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ቴክኒሻኑም የጠቀለለውን ገመድ ብብቱ ሥር ይዞ አጨበጨበ። ፊቱ ላይ አሽሙር ፈለገችበት፤ አላገኘችም። ቢያሾፍባት ትችለው ነበር።

«ኔትወርኩ ነበረ» አለች። «ማብራት የማላውቅበት እኔ ነኝ። እሱ ምንም አላጠፋም።»

ከፊት የተቀመጡት እጃቸውን አየር ላይ አቆሙ። ርዕሰ መምህሩ አንገቱን ደፍቶ የሸሚዙን እጅጌ ያስተካክል ጀመር። ከኋላ ያሉት ግን አልሰሙም፤ ማጨብጨባቸውን ቀጠሉ፤ እንዲያውም አንዱ አፏጨላት። እስኪበርድላቸው ቆመች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ ስታስተምር እንደምታደርገው ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ደግማ ነገረቻቸው።