ባለሁለት ምንቃሯ ወፍ

«ማን ነው የወለወላቸው?» አሉ ሰዓት ሠሪው፣ ማጉያ መነጽሩን ከዓይናቸው ሳያነሡ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለች የሟቹ ልጅ። በድምፅዋ ውስጥ ከሐዘኑ ጋር ጥቂት ኩራት ነበረ። በኮምጣጤና በጨው ዘፍዝፋ፣ በጨርቅ አሽታ፣ የአባቷን ሳንቲሞች ዛሬ ከማሽን የወጡ አስመስላቸው ነበር።

ሰዓት ሠሪው አንዱን አስቀመጡ፤ ሌላውን አነሡ፤ እሱንም አስቀመጡ። በወዲያኛው ክፍል ለቅሶ ደራሾች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ፤ የቡና ስኒ ከማስቀመጫው ጋር ይጋጫል። ታላቅ ወንድሟ በሩን ተደግፎ ይጠብቃል። ቤቱ የኪራይ ነው። ሐዘኑ ሲያበቃ እናታቸውን ወደ ራሱ ቤት ሊወስድ ቆርጧል፤ እናትየው ደግሞ ከዚህ ቤት ሬሳዬ ይውጣ ባይ ናቸው። ልጅቱ ኪራዩን የሚሸፍነው ይህ የሳንቲም ሣጥን ነው ብላ ወንድሟን ተሟግታዋለች፤ አባቷ «እኔ ስሄድ ሰዓት ሠሪውን ጥሪው፣ እሱም ሳንቲም ሰብሳቢ ነው፣ ዋጋቸውን ያውቃል» ብለዋት ነበርና።

አባቷ ዕድሜያቸውን የፈጁት አውቶቡስ ውስጥ ቲኬት ሲቆርጡ ነው። ተሳፋሪ የሰጣቸውን ሳንቲም ሳያገላብጡ ከቦርሳቸው ስለማይከቱ «ዶክተር» የሚል ስም ወጥቶላቸው ነበር።

«ዶክተር፣ በሽተኛው ይድናል ወይ?» ይላል አንዱ ከኋላ ወንበር።

«አንተ ካልነካኸው ይድናል!»

እንከን ያለበትን ሲያገኙ ከገዛ ኪሳቸው ደህናውን ተክተው ያን ያስቀራሉ። ራት ከተነሣ በኋላ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ያሳዩዋታል፤ ምስሉ ከመሐል ተንሸራቶ የታተመ፣ ጠርዙ የተገመጠ፣ አንድ ፊቱ ልሙጥ የቀረ። «ማሽኑ ሲስት ብቻ አይደለም» ይሏት ነበር፤ «ተቆጣጣሪውም ሳያየው ማለፍ አለበት። ይህን የሚያህል ነገር ከሁለት ዓይን አምልጦ እኔ እጅ ገባ።» የሚይዟቸውም በጠርዛቸው ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አልነገሯትም፤ እሷም አልጠየቀችም፤ ማየት እንጂ መንካት አልተፈቀደላትምና።

ከሁሉ የሚሳሱት ግን ማሽኑ የወፍ ምስል ሁለት ጊዜ ለመታባት ሳንቲም ነበር፤ ሁለተኛው ምት ሲያርፍ ሳንቲሟ ጥቂት ዘወር ብላ፣ ወፏ ባለሁለት ምንቃር ሆናለች። እሷን ከሣጥኑ ነጥለው፣ በወረቀት ጠቅልለው፣ በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘዋት ይዞሩ ነበር።

ከቀብር መልስ ወንድሟ ሣጥኑን ከፍቶ አየና «አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የለቀመው ይህን የዝገት ክምር ነው?» አለ። ልጅቱን ወደ ኮምጣጤው የመራት ያ ቃል ነው።

ሰዓት ሠሪው ማጉያውን አውልቀው በመዳፋቸው ጨበጡት።

«ልጄ፣ ስህተቱ እንዳለ ነው። ገዢ ግን መጀመሪያ የሚያየው ቆዳቸውን ነው። ያ ጥቁረት ዝገት አልነበረም፤ ዕድሜያቸው ነበር። እውነተኛውን ስህተት፣ አንዱ ብልጥ በሞረድ ከሠራው ማስመሰያ የሚለይልኝም እሱ ነበር። አሁን ተገፏል።»

«ታዲያ... ምንም አያወጡም?»

«ላያቸው ላይ ከተጻፈው ዋጋ ብዙም አይበልጡም።»

ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እማዬ ወደኔ ትመጣለች» አለ፤ ድምፁ ግን የአሸናፊ ድምፅ አልነበረም።

«አንተ ልጅ፣ አትቆጣት» አሉ እናትየው፤ ለካ ከበሩ ጀርባ ቆመው ሰምተዋል። «ለአባቷ ክብር ብላ ነው። እኔስ ብሆን ኮቱን ለሰው ከመስጠቴ በፊት ይታጠብ ብዬ ለጎረቤታችን አውጥቼላት የለ?»

«ኮቱን?» ልጅቱ ሣጥኑን እንደተከፈተ ትታ ሮጠች።

ጎረቤትየዋ በጓሮው እጅጌያቸውን ሰብስበው ከሳፋው ላይ አጎንብሰዋል። የኮቱ አንድ እጅጌ አረፋው ውስጥ ገብቷል።

«እትዬ፣ ይተዉት! ይተዉት!»

«ምነው ልጄ፣ ጅብ መጣ እንዴ?»

የውስጥ ኪሱ ደረቅ ነበር። ወረቀቱም ደረቅ ነበር።

ሰዓት ሠሪው ሳንቲሟን ወደ መስኮቱ አቅርበው ብዙ ቆዩ። «አንተ ዶክተር» አሉ በመጨረሻ፣ ሟቹ አጠገባቸው የተቀመጠ ይመስል። ከዚያም ወደ ልጅቱ ዞሩ። «እኔ ነኝ የምገዛት። የአንድ ዓመት ኪራይ ትሸፍናለች። ከዚያ ወዲያ የሚሸጥ የላችሁም።»

«ዓመትም ዓመት ነው» አለ ወንድሟ፣ ወለሉን እያየ።

እናትየው ሳንቲሟን ሊያዩ እጃቸውን ዘረጉ፤ በሌላው እጃቸው የቀሚሳቸውን ጫፍ ለማበሻ አዘጋጅተዋል። ልጅቱ ቀስ ብላ ጫፉን አስለቀቀቻቸውና ጣቶቻቸውን ከጠርዙ ላይ አኖረች። አሮጊቷ ወፏን አቅርበውም አርቀውም አዩዋት።

«ሲያቅፈኝ ደረቴን የምትቆረቁረኝ ለካ አንቺ ነሽ» አሏት፤ ለሰዓት ሠሪውም መለሱላቸው። እሳቸውም በዚያው በአሮጌው ወረቀት ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቷት።

ጎረቤትየዋ ኮቱን ታቅፈው በበሩ ብቅ አሉ። «እንግዲህ ልጠበው? አንገትጌው እኮ ጠቁሯል።»

ልጅቱ ተቀበለቻቸው። አንገትጌው ላይ የአባቷ አንገት የተወው ጥቁር መስመር ነበረ። ኮቱን በጣቶቿ ጫፍ፣ በሁለቱ ትከሻዎቹ ጠርዝ ይዛ፣ አንገትጌውን ሳትነካ፣ የራሰው እጅጌው ወለሉ ላይ እያንጠባጠበ፣ ከቀድሞው ምስማር ላይ መልሳ ሰቀለችው።