ለባሹ የታለ?

እናቴ በስልክ ያዘዘችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እንዳታጥቢው።»

ወንድሜን ወንድማለምን ቀብሬ በተመለስኩ ማግስት ነው። እኔ ድምፄ ተዘግቷል፤ እሷ ከድንበሩ ማዶ፣ አገር ቤት፣ ጎረቤት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዞላታል፤ ሁለታችንም እንባችን ደርቋል። ቀብሩ ላይ መገኘት አልቻለችም። ዓይኗ ከጠፋ ሰንብቷል፣ ጉልበቷም ድንበር የሚያሻግር ጉልበት አይደለም። «ልብሱን አምጪልኝ» አለችኝ። «ገላው ላይ የነበረውን። አደራ፣ ውሃ እንዳታስነኪው።»

እሷን ለሚያውቃት ነገሩ ያስቃል። ወንድማለም መካኒክ ነበር። ሥራ ፍለጋ ድንበሩን ከመሻገሩ በፊት፣ ከጋራዥ ሲመጣ እማዬ በሩ ላይ ትገተርና «አንተ! ናፍጣ ናፍጣ እያልክ እንዳትገባብኝ! ቤቴን ማደያ አደረግከው እኮ!» ትለዋለች። እሱ ደግሞ የባሰበት፣ ሆን ብሎ አንገቷን አንቆ ይስማታል። ትጮሃለች፣ ትራገማለች፣ መጨረሻ ላይ ትስቃለች። ያን ያባረረችውን ጠረን ነው አሁን አምጪልኝ የምትለኝ። ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ሰው የምትለየው በድምፁና በጠረኑ ነው። ድምፁ አፈር ገብቷል። የቀረላት ጠረኑ ነው።

እኔም እሱን ተከትዬ ተሻግሬ እዚያው ከተማ ነበርኩ፤ እሱ ጋራዥ፣ እኔ ልብስ ስፌት ቤት። የተከራያትን ክፍል ስከፍት ሦስት ልብሶቹ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ሸሚዙ፣ ግራጫ ሹራቡ፣ የሥራ ቱታው። ሕመሙ ድንገት ጥሎት ሐኪም ቤት ሲወስዱት ያወለቃቸው ናቸው። ሌላውን ለጓደኞቹ ሰጠሁ። እነዚህን ሳላሸታቸው፣ እኔ እንኳ ሳላሸታቸው፣ የሚያልቅብኝ ይመስል ትንፋሼን ይዤ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። በላዩ ሌላ ፌስታል፣ በላዩ ደግሞ ሌላ። አፉን በሲባጎ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት።

አውቶቡሱ ድንበር ላይ አወረደን። ጉምሩኩ ግድግዳም ጣሪያም ቆርቆሮ የሆነ ረጅም አዳራሽ ነው። መሀሉ ላይ የሲሚንቶ ጠረጴዛ አለ፤ የመንገደኛ ጓዝ ሲጎተትበት ኖሮ ጠርዙ ተልጧል። ግድግዳው ላይ «ተራዎን ይጠብቁ» ይላል፤ ተራ ግን የሚባል ነገር የለም፣ ክርን ያለው ያልፋል። እኔ ደግሞ ክርን አይቸግረኝም።

የደረሰኝ ፈታሽ ከጥርሱ ስቴኪኒ የማይለየው ወጣት ነበር። በልቤ ስቴኪኒ አልኩት። ሻንጣዬን በረበረና ፌስታሉን በጣቱ ነካ አደረገው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ልብስ ነው።»

«የማን?»

«የወንድሜ ነው፣ ወንድሜ።»

«የእኔ ነው ነው የምትይኝ?»

ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ያቺ «ወንድሜ» የምትባል ቃል፣ ለማንም መንገደኛ ስወረውራት የኖርኩት፣ ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረች።

«ልብስ ከሆነ ምን ወንጀል ሠርቶ ነው እንዲህ የታሰረው?» አለ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። አፌ ግን መች ያርፋል! «ጠረኑ እንዳይወጣ ነው» አልኩት።

«ጠረን?» ስቴኪኒውን ከአፉ አወጣ። «የምን ጠረን?» ወዲያው ወደ ጓሮ ዞሮ «ውሻውን አምጡት!» ብሎ ተጣራ።

ጉድ ፈላ! ለመንኩት። ወንድሜ ሞቷል፣ እናቴ ዓይነ ስውር ናት፣ እባክህ አትፍታው፣ ከፈለግህ ጨብጠህ እየው አልኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ሲባጎውን በቢላ በጠሰው። ውሻው አፍንጫውን እስከ ዓይኑ ድረስ ከቶ ማገው፣ ማገው፣ ከዚያ አስነጠሰውና ጅራቱን እየወዘወዘ ሄደ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! እናቴ ልጇን ሳታሸተው የጉምሩክ ውሻ አሸተተው።

ይሄ እንኳ አልበቃውም። ቱታውን አንጠልጥሎ አራገፈው፣ እኔን ሲያራግፈኝ ነው የመሰለኝ። ክርኑ ላይ ያለውን ቅባት፣ የሸሚዙን የነተበ ኮሌታ አየ።

«ልባሽ ጨርቅ ነው» አለ። «ልባሽ ጨርቅ ማስገባት ክልክል ነው።»

«ሦስት ልብስ እኮ ነው! ምን፣ ሱቅ ልከፍትበት መስሎህ ነው?»

«ሦስትም ሠላሳም ያው ነው። የግል መገልገያ ከሆነ ይገባል። ያንቺ ነው?»

«የወንድሜ ነው አልኩህ እኮ።»

«እሺ፣ ለባሹ የታለ?»

«ለባሹ ሞቷል!»

«ነፍስ ይማር» አለኝ፤ አላላገጠም፣ ከልቡ ነው። ከዚያ «ግን ለባሽ የሌለው ልብስ ልባሽ ጨርቅ ነው። ይወረሳል» አለና ሦስቱንም ጠቅልሎ ጥግ ላይ ካለው ክምር ጣላቸው። ክምሩ ሲሞላ ጓሮ ተወስዶ ይቃጠላል አሉ።

እዚያ ላይ የጮህኩትን ጩኸት አሁን ባስታውሰው እኔም አፍራለሁ። ሄደሽ ለአለቃው ንገሪ አሉኝ። አለቃው ጠባብ ክፍል ውስጥ ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል፤ ማህተሙን የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነው የሚይዘው፣ ኪሱ በቀለም ወይን ጠጅ ሆኗል። የሐኪም ቤቱን የሞት ማስረጃ ሰጠሁት። አገላብጦ አገላብጦ መለሰልኝ።

«ይሄ ሰውዬው መሞቱን ይናገራል እንጂ ልብሱ የእሱ መሆኑን አይናገርም።»

«ታዲያ የእሱ መሆኑን ማን ይናገር?»

«ባለቤቱ ቀርቦ…» ብሎ ጀመረና አቆመ። እሱም ሰማው መሰለኝ። ጣቶቹን አየ፣ ጣሪያውን አየ። «ሕግ ነው፣ እህቴ። እኔ አላወጣሁትም» አለኝ።

ወጥቼ በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ደርቋል ያልኩት እንባ ግልብጥ ብሎ መጣ። በአውቶቡስ አጠገቤ ተቀምጣ የመጣች ነጋዴ ነበረች፣ ወፈር ያለች፣ ስትስቅ ሆዷ የሚስቅ። ጎንበስ ብላ አየችኝ።

«ምን አሉሽ?»

«ለባሹ የታለ አሉኝ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ለባሹ ይኸው አትያቸውም?» የቀሚሷን ጫፍ ገለጥ አደረገች። ከሥሩ ሌላ ቀሚስ፣ ከሥሩ ሌላ። «እኔ መቼ እንዲህ ወፍራም ነኝ ብለሽ ነው! የለበስሽውን ማን ያስወልቅሻል? ተነሺ!»

ተነሣሁ። ቀጥ ብዬ ገብቼ ከክምሩ ላይ ልብሶቹን አፈፍ አደረግኩ። ስቴኪኒ «ሴትዮ! ተይ!» ብሎ ሲመጣ፣ «ለባሹ እኔ ነኝ!» አልኩት፣ ቆርቆሮው እስኪያስተጋባ። ሸሚዙን በቀሚሴ ላይ ደረብኩ። ከዚያ ሹራቡን በራሴ አጠለቅኩ።

እዚያ ሹራብ ውስጥ ወንድማለም ነበረ። ምን ብዬ ልንገራችሁ። ራሴ በአንገቱ በኩል ሳይወጣ በፊት፣ ጨለማው ውስጥ፣ እሱ ራሱ ነበረ፤ ከጋራዥ መጥቶ አንገቴን አንቆ ሲስመኝ። መውጣት አቃተኝ። ሹራቡን እንደተከናነብኩ ቆሜ ቀረሁ። «ምነው፣ ታፈነች እንዴ?» ይላል አንዱ። ነጋዴዋ ናት ጎትታ ያወጣችኝ። ስወጣ ፊቴ እንባና ንፍጥ ሆኗል።

ቱታውን ስለብስ ቁመቱ ዋጠኝ፤ እግሩን ሁለት ጊዜ አጠፍኩት፣ ሙያዬ ነው። መንገደኛው አጨበጨበ።

«የወንድ ልብስ ነው እኮ» አለ ስቴኪኒ፣ ግን ድምፁ ላልቷል።

«ሱሪ የለበሰች ሴት አይተህ አታውቅም?»

ትከሻውን ሰበቀ። «ይሁን፣ የግል መገልገያ ነው። ግን አለቃው ማህተም እስኪመታልሽ እንዳታወልቂ። ካወለቅሽው ልባሽ ጨርቅ ነው።»

አለቃው ግን የለም። ማህተሙን በኪሱ እንደያዘ ለምሳ ወጥቷል። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ማህተም ጠባቂ ሆኖ ቆመ። ፀሐዩ አናት ላይ ነው፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል። እኔ ቀሚስ፣ ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ ቱታ ለብሼ እዚያ ምድጃ ውስጥ ቆሜያለሁ። ላቡ መጀመሪያ ጀርባዬን ይዞ ወረደ፣ ከዚያ ከብብቴ፣ ከአንገቴ፣ ከጡቶቼ መሀል። ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ሲጮህ እሰማዋለሁ። ዓይኔ ሲጨልም ስቴኪኒን «ሹራቡን ብቻ ላውልቅ፣ በእናትህ» አልኩት።

«እንደፈለግሽ። ክምሩ እዚያ ነው።»

አላወለቅኩም። ነጋዴዋ በጋዜጣ ታራግብልኛለች፣ «አይዞሽ፣ የእኔ ጀግና» ትለኛለች። እኔም በልቤ እኮራለሁ። ሞኝ! አለቃው ከብዙ ቆይታ በኋላ ጥርሱን እየፋቀ መጣ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ፣ ቃል ሳይተነፍስ ማህተሙን መታ። ወደፊት ሌላ ኬላ አለ፣ እዚያም ይፈትሻሉ ሲሉኝ እንደለበስኩ ተሳፈርኩ። ኬላው ላይ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ደረስኩ። ግቢ ውስጥ አወለቅኩ፣ በወግ በወጉ አጣጠፍኩ፣ አዲስ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ገባሁ። እማዬ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ተቃቅፈን አለቀስን። ትንሽ ስንረጋጋ የጉምሩኩን ነገር ነገርኳት፤ ውሻውን፣ ስቴኪኒን፣ የነጋዴዋን ቀሚሶች። መናገር ስጀምር መች ያቆመኛል። ወንድማለም ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ለባሹ እኔ ነኝ አልሻቸው? እሰይ! የኔ ልጅ!» አለች፣ ጉልበቴን እየመታች። ከዚያ እጆቿን ዘረጋች። «በይ፣ ስጪኝ ልጄን።»

ሹራቡን በዳሰሳ ለየችው፣ ራሷ የገዛችለት ነው። ፊቷን ቀበረችበት። ቆየች። ገለበጠችውና ከብብቱ በኩል አሸተተችው፣ ከአንገቱ በኩል አሸተተችው። አስቀምጣ ሸሚዙን አነሣች። ከዚያ ቱታውን።

«ናፍጣ» አለች። «ናፍጣማ ማደያም አለ።»

እጇን ወደ እኔ ሰደደች። ፊቴን አገኘችው፣ ሳብ አደረገችኝና አንገቴን አሸተተች። ተመልሳ ሹራቡን አሸተተች። አሁንም ነገሩ አልገባኝም ነበር።

«አንቺ ነሽ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሁሉም አንቺ ነሽ።»

ያኔ ገባኝ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አደራ በላ ሆንኩ! ስንት ቀን ትንፋሼን ይዤ፣ በሦስት ፌስታል አስሬ ያቆየሁትን፣ በላቤ አጥቤ አመጣሁላት። የቀረውን ደግሞ እኔው ራሴ በሹራቡ አንገት ውስጥ ጨርሼዋለሁ።

«እማዬ፣ ነበረ እኮ» አልኳት። «ስለብሰው እዚያ ውስጥ ነበረ። እኔ አሸትቼዋለሁ።»

አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ወደ ድምፄ ጎንበስ አለች።

«ምን ምን ይል ነበር?»

«ናፍጣ» አልኳት። «የልብስ ሳሙና። ትንሽ ሲጋራ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ሌላውስ?»

ሌላውን ቃል አጣሁለት። ያ ጉምሩክ ያናወጠ አፌ ተሳሰረ። እሷ ትጠብቃለች፤ ፊቷ ልክ በሩ ላይ ቆማ እሱን እንደምትጠብቀው ሆኗል።

«እሱን እሱን ይል ነበር፣ እማዬ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ሹራቡን ጭኗ ላይ ዘረጋችው፣ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አጠፈች፣ መልሳ አጠፈችው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋችልኝ።

«በይ፣ ነገ ጠዋት እጠቢው» አለችኝ።