ንጉሡ የተቀመጠበት ወንበር

«እዚህ ላይ ነው ንጉሡ የተቀመጠው» አለ አካሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሁለቱ የአዲስ አበባ እንግዶች ጥግ ወዳለው ወንበር አንገታቸውን አሰገጉ።

ፀሐይወርቅ ፍራሹ ላይ ሆና ሰማችው። ባሏ አዘዘ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ዕድርተኛው ደጁ ላይ ድንኳን ተክሎ፣ የዓሣ ቤታቸውን ጠረጴዛ ሁሉ ወደ ግድግዳ ገፍቶ፣ ወለሉን የለቅሶ ቤት አድርጎታል። አስጎብኚው አካሉ ለቅሶ ልድረስ ብሎ መጥቶ፣ እግረ መንገዱንም ታሪካዊውን ቤት ሊያሳይ እንግዶች አስከትሏል።

«ዓሣውን በልቶ ሲነሣ ‹ተመልሼ እመጣለሁ፤ ወንበሬን አታስይዙብኝ› አለ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም።»

እንግዳዋ የትኛው ንጉሥ እንደሆነ ጠየቀች። አካሉ ስሙ እንደማይታወቅ፣ ነጋዴ መስሎ እንደመጣ አስረዳት።

«ስሙ አልታወቀ፣ ዘሩ አልታወቀ፣ ዓሣ መብላቱ ብቻ ታወቀ» አለች ፀሐይወርቅ። ለቀስተኞቹ ሴቶች ሳቃቸውን በነጠላ ሸፈኑ። «አንተ ልጅ፣ ልታለቅስ እንደሁ ተቀመጥ፤ ልታሳይ እንደሁ ውጣልኝ።»

አካሉ ደነገጠ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ። ከጋሽ አዘዘ የሰማሁትን ነው የተናገርሁ።»

እውነቱን ነው። ተረቱን የፈጠረው አዘዘ ነው። አንድ የመሸንቲ እህል ነጋዴ ወንበሩን ስቦ ሊቀመጥ ሲል አዘዘ ከእጁ ነጠቀው። ነጋዴው ምን ሆንህ ቢለው፣ የሚናገረው ጠፋውና ንጉሥ የተቀመጠበት ነው አለ። በሳምንቱ ከተማው ሁሉ ያወራው ጀመር። በዓመቱ ተረቱ ከዓሣው በላይ ገበያተኛ ያመጣ ነበር።

ወንበሩ የምናሴ ነው። አንድ ልጃቸው ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ፣ የቆሮሶ ዓሣ ቀርቦለት ሁለት ጉርሻ እንደጎረሰ፣ ንፋስ መረብህን እየነቀለው ነው ብለው ከባሕሩ ዳር ጠሩት። «መጣሁ፤ ወንበሬን አታስይዙብኝ» ብሎ ወጣ። የደንገል ታንኳው በሦስተኛው ቀን ተገልብጦ ተገኘ። ምናሴ አልተገኘም።

ጎረቤት ድንኳን ይዞ ሲመጣ አዘዘ በሩ ላይ ቆሞ መለሳቸው። ሬሳ ሳላይ አላለቅስም አለ። ልጄ እመጣለሁ ብሏል አለ። ፀሐይወርቅ፣ ዳኛና ቄስ የማትፈራው ሴት፣ ያን ቀን አፏ ተያዘ። እነሆ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። ሰው ቤት ለቅሶ ስትሄድ ሴቱ ሁሉ በሰው ሬሳ የራሱን ሙት እየጠራ ያለቅሳል፤ እሷ ግን የምትጠራው የላትም። ብትጠራው በገዛ አፏ ገደለችው ማለት ነው።

አዘዘ በየማለዳው ወንበሩን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውል ነበር። አንድ ጧት፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ «ንጉሥህ መንገድ ላይ ቀረ መሰለኝ» አለችው። ጨርቁን ጨመቀና መወልወሉን ቀጠለ። ያችን ቃል አሁን ወንበሩን ባየች ቁጥር ታስባታለች።

በሣልስቱ አልቃሿ ጽጌ ከጢስ ዓባይ ደረሰች። አብረው ያደጉ ናቸው። ስለ አዘዘ ደግነት፣ ስለ ቤቱ ስም እያነሣች ድንኳኑን ስታስለቅስ ቆየችና መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች።

«አንቺ ፀሐይወርቅ» አለች በሹክሹክታ። «ከልካይሽ ሄዷል። ነገ ድንኳኑ ይነሣል። ምናሴን ልጥራው?»

ፀሐይወርቅ የጽጌን እጅ ያዘች። «ቆይ» አለች። «ትንሽ ቆይ።»

ጽጌ ወጥታ ከድንኳኑ ሴቶች ጋር ተቀመጠች፤ ዓይኗን ግን ከበሩ አልነቀለችም።

አካሉ ዛሬ ብቻውን መጥቷል። ከወንዶቹ ተነጥሎ እግሯ ሥር ቁጭ አለ። ሌሊቱን ሲያስበው እንዳደረ ያስታውቃል።

«እማማ፣ የንጉሡ ነገር ውሸት ነው እንዴ?»

ፀሐይወርቅ ወደ ወንበሩ አየች። «እመጣለሁ ማለቱ እውነት ነው» አለች።

አካሉም ዞሮ ወንበሩን አየ።

ንፍሮ ዞረ። እጇን ሰዳ አንድ ጭብጥ ዘገነች። ሴቶቹ ቢደግፏት እንቢ ብላ፣ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። የሙት ንፍሮ ነው። ወንበሩ ላይ ብታኖረው ጽጌ ከደጅ ታያለች፤ ታይና ስሙን ትጠራለች፤ ሃያ ስድስት ዓመት የታፈነው ለቅሶ ይወጣል። ይኸንኑ እያሰበች ደረሰች።

ወንበሩ ላይ የሦስት ቀን አቧራ ተኝቶበታል። ከአዘዘ ወዲያ የጠረገው የለም።

ቆመች። ደጅ ጽጌ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላለች።

ፀሐይወርቅ የተዘቀዘቀ ነጠላዋን ጫፍ ሰበሰበችና መቀመጫውን ጠረገች። ቀጥላ መደገፊያውን። ከዚያም ጎንበስ ብላ አራቱን እግሮች፣ አንድ በአንድ፣ አዘዘ እንደሚያደርገው። ንፍሮው በግራ እጇ እንደተጨበጠ ቀዝቅዞ ነበር።