ፌስታል የለበሰው ሴንሰር

ወንበር ላይ ወጥታ ሴንሰሩን የሸፈነውን ፌስታል ቦጭቃ ስታነሳው፣ ሴንሰሩ ደቂቃ እንኳ ሳይታገሥ ቀይ አብርቶ መጮኽ ጀመረ። የጫማ ፋብሪካው የማስቲሽ ክፍል ሴቶች ብሩሻቸውን እያስቀመጡ፣ ዓይናቸውን ከእሷ እያሸሹ ወደ ግቢው ወጡ። እሷ እዚያው ወንበሩ ላይ እንደቆመች ደሟ ፈላ። ይህ መዳፍ የሚያክል ዕቃ የተሰቀለው የማስቲሹ ጋዝ ከልክ ሲያልፍ እንዲያስጠነቅቅ ነው። የሰው አፍንጫ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሽታውን ይለምደዋል፤ ሴንሰር አይለምድም። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ታናሽ እህቷ ትናንት ሶል እያጣበቀች ራሷን ስታ ስትወድቅ ሴንሰሩ ለምን ዝም እንዳለ አሁን ገባት።

ማን እንዳፈነው ለመገመት አልተቸገረችም። ከእጅ ሰዓቱ ላይ ዓይኑን ስለማይነቅል ሠራተኛው ሁሉ «ደቂቃ» የሚለው የፈረቃ ኃላፊ ነዋ! አንገቱን ልታንቀው ፌስታሉን ጨብጣ ወደ ቢሮው ስትገሰግስ፣ እህቷ የክፍሉ በር ላይ ክንዷን ያዘቻት።

«እትዬ፣ እሱ አይደለም። እኔ ነኝ የሸፈንኩት።»

«ምን አልሽ?»

«በጮኸ ቁጥር ሃያ ደቂቃ እንወጣለን። ኮታው ግን ያው መቶ ሃያ ጥንድ ነው። ሳልጨርስ መሄድ የለም። ልጄ ሌሎቹ ሕፃናት ሁሉ ከመዋያው ሄደው እሷ ብቻ በር ላይ እያለቀሰች ትጠብቀኛለች። ምን ላድርግ?»

ንዴቷ ግን አልበረደም፣ ባሰባት እንጂ። ሴንሰሩ ሲሰቀል ስብሰባ ተጠርቶ ተጨብጭቧል፤ ፎቶም ተነስቷል። ከኮታው ላይ አንዲት ጥንድ እንቀንስ ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም። አየሩን የመረዘው የፋብሪካው ማስቲሽ ሆኖ ሳለ፣ አየሩ እስኪጠራ የሚባክነው የእነሱ ጊዜ ነው። ይህ ግፍ ነው።

ደቂቃ ወሬው ደርሶት ኖሮ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መጣ። የክፍሉ ሠራተኞች ተጠሪ እሷ ስለሆነች፣ ሴንሰሩን የሸፈኑት ሠራተኞቹ ራሳቸው መሆናቸውን እንድትፈርም ነገራት። ትናንት ለወደቀችው ድርጅቱ እንዳይጠየቅ ነው።

ከዚያም ጠጋ ብሎ፣ «እህትሽን በስሟ አላነሳኋትም» አላት። «ይህችን ውለታዬን እንዳትረሺ።»

እስክሪብቶውን ተቀበለችው። ወረቀቱን ገልብጣ ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጻፈች፤ ፈረመችበትና ጮክ ብላ አነበበችለት፦ «ሴንሰሩ ሲጮኽ የምንወጣበት ጊዜ ከኮታው ይቀነስልን።»

«ይሄ በእኔ ሥልጣን አይደለም» አለ።

«እንግዲያው ባለሥልጣኑ ይምጣ።»

ውስጥ ጩኸቱ ቆመ፤ መብራቱም አረንጓዴ ሆነ። ደቂቃ ሰዓቱን አይቶ ግቡ አላቸው። ሴቶቹ ግን የሚያዩት እሷን ነበር። እሷ ገባች። ቅድም የወጣችበትን ወንበር ተሸክማ ተመለሰችና ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጣ እህቷን አስቀመጠቻት። ራሷም አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እስክሪብቶውን ቀጥላ ለቆመችው ሴት እንድትፈርም አቀበለቻት።